ከምድር ቤት ያለው አሮጌ ቦይለር፦ የሁለት የጥገና አገልግሎቶች ግምገማ

በማሳቹሴትስ፣ ዎርስተር ከተማ የምንኖርበትን ቤት የገዛነው ከነቦይለሩ ነው። ቤቱ በ1920ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ ከምድር ቤቱ ጥግ የቆመው፣ ውሃ እያሞቀ ቤቱን የሚያሞቀው የብረት ቦይለር ደግሞ በሽቦ በተንጠለጠለበት የጥገና ካርድ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1986 የተተከለ ነው። ከግዢው በፊት ቤቱን የመረመረው ሰው በሪፖርቱ ላይ «ይሠራል፤ ነገር ግን የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሷል» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እኛም ይህን ዐረፍተ ነገር እንደ ሞት ፍርድ እያስታወስን ሁለት ዓመት ኖርን። ይህ ግምገማ ቦይለሩን ለማስጠገን ስለ ተጠቀምኩባቸው ሁለት አገልግሎቶች ነው። አንደኛው ናፍጣ እያመጣ የሚሞላልን፣ የጥገና ውልም የገባንበት ትልቅ ድርጅት ሲሆን፣ ሁለተኛው ብቻቸውን የሚሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ናቸው። ሁለቱንም በስም አልጠራም፤ ከድርጅቱ ጋር ሙግት መግጠም ስለማልፈልግ፣ አዛውንቱ ደግሞ ተጨማሪ ደንበኛ እንዳልልክባቸው ራሳቸው ስለ ለመኑኝ ነው።

አገር ቤት ላደገ ሰው ቤትን በናፍጣ ማሞቅ እንግዳ ነገር ነው፤ ማሳቹሴትስ በምትገኝበት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ ግን የተለመደ ነው፤ በዚሁ አካባቢ ባለችው በሜይን ግዛት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ የሚሞቀው በዚሁ ነው። ነዳጁ ለመኪና ከሚሸጠው ናፍጣ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቀይ ቀለም የሚጨመርበት የመንገድ ግብር ያልተከፈለበት መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ምድር ቤት ውስጥ 275 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ይቀመጣል፤ ቦቴው መጥቶ ሲሞላ ሠራተኛው ውጭ ቆሞ የሚያዳምጠው ከታንኩ የአየር መውጫ የሚሰማውን ፉጨት ነው፤ ፉጨቱ ሲቋረጥ ታንኩ ሞልቷል ማለት ነው። ከታንኩ በቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚመጣው ናፍጣ በፊልትሮ አልፎ በርነሩ (ናፍጣውን የሚያቃጥለው ክፍል) ላይ ወዳለው ፓምፕ ይገባል። ፓምፑ ግፊቱን ወደ 100 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) ያደርሰውና ኖዝል በምትባለው የጣት ጫፍ በምታህል ቀዳዳማ ብረት በኩል እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፤ 10,000 ቮልት ገደማ የሚያፈልቁ ሁለት ብረቶች ብልጭታ ይሰጡታል፤ ፋኑ አየር ይነፋበታል። ይህን ሁሉ አንዲት ብርሃን የምትለይ ዓይን ትጠብቃለች። ዓይኗ በተወሰነላት ሰከንድ ውስጥ ነበልባል ካላየች መቆጣጠሪያው ሞተሩን አጥፍቶ ራሱን ይቆልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ወርዶ ቀዩን ቁልፍ ካልተጫነ በርነሩ አይነሣም።

የእኛም ችግር ይኸው መቆለፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር መጨረሻ አንድ ማለዳ ስንነቃ የሙቀት ማዘዣው ቴርሞስታት 68 ላይ ተደርጎ ሳለ ቤቱ 57 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ አገኘነው። ወርጄ ቀዩን ቁልፍ ስጫነው በርነሩ አንገራግሮ ተነሣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመ፤ ከዚያም በአሥራ ሁለት ቀን። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን በተሰጠን ባለ ሁለት አቆጣጠር የግድግዳ ካላንደር ላይ ቦይለሩ የቆመበትን ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ጀመረች። ያን ጊዜ ንዴቷን ለመወጣት ያደረገችው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ የጠቀመን ያ ካላንደር ሆነ።

ድርጅቱን በተመለከተ የሚመሰገንበትን አስቀድሜ ልናገር። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ቢደወል ስልክ የሚያነሣ ሰው አለው፤ ቴክኒሺያን ለመላክ ከሦስት ሰዓት በላይ የፈጀበት ጊዜ አልነበረም፤ የሚመጡት ወጣቶችም ጫማቸው ላይ ሽፋን አድርገው የሚገቡ ትሑቶች ናቸው። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ላለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉድለቱ ከደረሱ በኋላ በሚሠሩት ሥራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቴክኒሺያን ኖዝሉን፣ ፊልትሮውንና ሁለቱን የብልጭታ ብረቶች ቀይሮ፣ በርነሩ ሲነሣ አይቶ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጣ። ሁለተኛው ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጥቶ ነበልባል የምታየውን ዓይንና ዋናውን መቆጣጠሪያ ለወጠ። ዓይኗ በውሉ ትሸፈናለች፤ መቆጣጠሪያው ግን ስለማይሸፈን ከነመግጠሚያው 385 ዶላር ከፈልኩ። ሁለቱም በመጡበት ጊዜ መለኪያ የሚባል ነገር ከቦርሳቸው አላወጡም። ያን ጊዜ ይህ አልከነከነኝም፤ ዕቃ ሲቀየር እያየሁ መሠራቱን እንዴት ልጠራጠር?

ከሁለተኛው ጥገና በኋላ ነገሩ ባሰበት። ቀድሞ በሁለት ሳምንት አንዴ ይቆም የነበረው ቦይለር አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ መቆም ጀመረ። አንድ እሑድ ማለዳ ስደውል ስልኩን ያነሣው ሰው ቀዩን ቁልፍ እንድጫን ነገረኝ፤ ተጫንኩ፤ ተንደቅድቆ ቆመ። ድገም አለኝ፤ ደገምኩ። ከሦስተኛው በኋላ ቁልፉ አልታዘዝ ሲለኝ «ረዘም ላለ ጊዜ ተጭነህ ያዘው፣ ይለቃል» አለኝ፤ እውነትም ለቀቀ። በአራተኛው ሙከራ እሳቱ ሲይዝ የቦይለሩን በር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ተሰማ፤ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ካለችው ተወዛዋዥ ክዳን ጥላሸት ተተፋና ያሰጣነውን ልብስ ሁሉ አጠቆረው። ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። በእያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ኖዝሉ የረጨው ናፍጣ ሳይቃጠል በእሳት ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ እሳት ሲያገኝ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቁልፉ ከሦስት ጊዜ በኋላ እንዳይታዘዝ ተደርጎ የተሠራውም ይህን ለመከላከል ነው፤ የስልኩ ሰው ያስተማረኝ ያንን መከላከያ እንዴት እንደማልፈው ነበር። ድርጅቱን በሌላው ሁሉ ይቅር ብለው እንኳ በዚህ አልለው። አንድ ጊዜ መጫን ተገቢ ነው፤ ካልያዘ በምድር ቤቱ ደረጃ አናት ላይ ያለውን ባለ ቀይ ሽፋን ማጥፊያ አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው።

ሦስተኛው ቴክኒሺያን ጥላሸቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀና «በዚህ ዕድሜው ዕቃ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው» አለ። በማግስቱ ለአዲስ ቦይለር የ11,800 ዶላር ፕሮፎርማ በኢሜይል ደረሰኝ፤ እስከ ወር መጨረሻ ከፈረምኩ 500 ዶላር እንደሚቀነስልኝም ከሥሩ ተጽፏል። ለመፈረም በጣም ቀርቤ ነበር። ያዘገየኝ ባለቤቴ ናት፤ «ምኑ እንደ ሞተ ሳይነግሩን ነው የሚቀብሩት?» አለች።

አዛውንቱን ያገኘኋቸው በመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በኩል ነው። በዚህ ግዛት የናፍጣ በርነር የሚጠግን ሰው ከስቴቱ የእሳት አደጋ ማርሻል ቢሮ የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ስደውል መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለዚሁ ነበር፤ ቅር ሳይሰኙ የፈቃዳቸውን ቁጥር ነገሩኝ። ከዚያ ግን ጠያቂው እርሳቸው ሆኑ። ቀዩን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩት፣ ታንኩ የት እንዳለ፣ ቱቦው በወለል ይሁን በጣሪያ እንደሚሄድ፣ ናፍጣ አልቆብን ያውቅ እንደሆነ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ በየፎቁ ይኑረን አይኑረን ጠየቁኝ። ይህ ማስጠንቀቂያ በማሳቹሴትስ ከ2006 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው። በመጨረሻ «የሚቆመው መቼ ነው?» አሉኝ። «ማለዳ» አልኳቸው። «ማለዳማ ሁሉም ማለዳ ነው የሚነቃው፤ ምን ዓይነት ሌሊት ካለፈ በኋላ?» ሲሉ ካላንደሩን ከግድግዳው አውርጄ ማየት ጀመርኩ።

በቀይ የተከበቡት ቀኖች በሙሉ ብርዱ ረገብ ያለባቸው ነበሩ። በጥምቀት ሰሞን ቅዝቃዜው ከዜሮ ፋራናይት በታች ወርዶ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲረጋ፣ ቦይለሩ ሌት ተቀን ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። የሚቆመው ለብ ያለ ሌሊት አልፎ፣ ለስድስትና ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይነሣ አርፎ ሲያድር ነበር። ይህን ስነግራቸው በስልኩ ውስጥ ዝም አሉና «እንግዲያው የሚያስቸግርህ ቦይለሩ አይመስለኝም፤ አየር ነው። ነገ እመጣለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ መጥተው ምድር ቤት ሲወርዱ ወደ ቦይለሩ ሳይሆን ወደ ካርዱ ነው የሄዱት። በእያንዳንዱ ጥገና የመጣው ሰው ቀኑን፣ የሠራውንና የገጠመውን ኖዝል ቁጥር በእጁ የሚጽፍበት ይህ ካርድ፣ ከ1986 ጀምሮ የስምንት ወይም የዘጠኝ ሰው የእጅ ጽሑፍ ተሸክሟል፤ አንዳንዱ እንደ ሐኪም ማዘዣ የማይነበብ ነው። እርሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሁለት ነገር አገኙበት። ታንኩ በ2009 ተቀይሯል። ሁለተኛ፣ ለሠላሳ ምናምን ዓመት በሰዓት 0.85 ጋሎን የምትረጭ ኖዝል ሲገጠምለት የኖረው ቦይለር በዚያው የብርድ ወቅት ባለ 1.00 ተገጥሞለታል። ይህን የጻፈው የድርጅቱ የመጀመሪያ ቴክኒሺያን ነው። ከላይ ያሉትን መስመሮች ቢያነብ ኖሮ ምን እንደሚገጥም በተነገረው ነበር።

ከዚያ የቱቦውን መንገድ በባትሪ ብርሃን እየተከተሉ ሄዱ። በእኛ ቤት ናፍጣው የሚወጣው ከታንኩ አናት ነው፤ ቱቦው በጣሪያው ወራጅ እንጨቶች ላይ ተጎትቶ ምድር ቤቱን ያቋርጥና በበርነሩ ላይ ይወርዳል። ታንኩ አጠገብ፣ ቱቦው ቢሰበር ናፍጣው ወለል ላይ እንዳይፈስ የሚያግድ የደኅንነት ቫልቭ አለ፤ እንዲህ ያለ ቫልቭ ወይም በቱቦው ላይ መከላከያ ሽፋን እንዲኖር የስቴቱ ሕግ የቤት ባለቤቶችን እስከ መስከረም 2011 ድረስ አስገድዶ ነበር። ቫልቩ የሚከፈተው ፓምፑ ሲስብ ብቻ ነው። በመሆኑም መላው ቱቦ ሁልጊዜ በሳቢ ኃይል ሥር ይኖራል፤ እንዲህ ባለ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ወለል ላይ አንድ ጠብታ ያልታየው፣ ሦስቱም ወጣቶች ቱቦውን ያልጠረጠሩት ለዚህ ነው።

መሣሪያቸው ቀላል ነበር፤ በፓምፑ መግቢያ ላይ የመሳብ ኃይሉን የሚለካ ጌጅ፣ ከጌጁ ቀጥሎ አንድ ክንድ የምታህል ውስጧ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ። በርነሩን ሲያስነሡት በፕላስቲኩ ውስጥ ቀዩ ናፍጣ እንደ ጠላ አረፋ እየሠራ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። ቀጥለው የታንኩን ቫልቭ ዘግተው ፓምፑ የሳበውን ያህል እንዲስብ አደረጉና ሞተሩን አጠፉ። መርፌው ባለበት መቆየት ሲገባው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወርዶ ዜሮ ደረሰ። መስመሩን በየክፍሉ እየለዩ ሲፈትኑ ጥፋቱ በአንድ ወራጅ እንጨት ጀርባ ተሸሽጎ ተገኘ፤ ታንኩ በ2009 ሲቀየር አሮጌውን ቱቦ ከአዲሱ ጋር ያያያዙት በቀለበት በሚጠብቅ መገጣጠሚያ ነበር። ይህ ለውሃ ይሆናል፤ ለናፍጣ ማሞቂያ መስመር ግን በሙያው ደንብ የተከለከለ ነው፣ ምክንያቱም ከጊዜ ብዛት እየላላ አየር ያስገባል። አዛውንቱ ቆርጠው ጣሉትና የቱቦውን ጫፍ እንደ መለከት አፍ ከፍተው በትክክለኛው መገጣጠሚያ አሠሩት። የፊልትሮውን ክዳን የጎማ ማሸጊያም ለወጡ። ከዚያ ከፓምፑ ጎን ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ ፈተው አየሩን በጠርሙስ ውስጥ አስወጡ፤ አረፋው ቀስ በቀስ እየቀነሰ የጠራ ቀይ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ድረስ።

እዚህ ላይ የልጅነት ትዝታዬ መጣብኝ። ጎረቤታችን የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ናፍጣ መንገድ ላይ ካለቀበት፣ ሞልቶ ብቻ እንደማይነሣ፣ በእጅ ፓምፕ እየገፋ አየሩን ካላስወጣ ሞተሩ እንደማይቀበል ሲነግረን ሰምቼ አድጌያለሁ። ያንኑ ሥራ በዎርስተር ምድር ቤት ውስጥ አየሁት። ዲዝል መኪና የሚያውቅ ማንኛውም የአገራችን መካኒክ ይህን በሽታ በአንድ ማለዳ ይጠረጥረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቀሪው እንቆቅልሽ ሁለተኛው ጥገና ነገሩን ለምን እንዳባባሰው ነበር። አዛውንቱ አሮጌውን መቆጣጠሪያ ከመደርደሪያው አንሥተው ጀርባውን አሳዩኝ። አሮጌው ነበልባል እስኪታይ 45 ሰከንድ ይታገሣል፤ አዲሱ የሚታገሠው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። ቦይለሩ አርፎ ሲያድር በላላው መገጣጠሚያ የገባው አየር በቱቦው ውስጥ የናፍጣውን ቦታ ይይዛል፤ ማለዳ በርነሩ ሲነሣ ፓምፑ መጀመሪያ የሚገፋው አየር ነው። በ45 ሰከንድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አየሩን ጨርሶ ናፍጣ ያገኝ ነበር፤ በ15 ሰከንድ ግን አይደርስም። ስለዚህ 385 ዶላር የከፈልኩበት አዲስ ዕቃ ምንም እንከን ሳይኖርበት በሽታውን አጎላው። አዛውንቱ አዲሱን አላወጡትም፤ ቶሎ መቆለፉ ለደኅንነት የተሻለ ነው፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ እንዲጠራቀም አይፈቅድም ብለው ተዉት።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሠሩልኝም ረክቼ እመለስ ነበር። እርሳቸው ግን ኖዝሉን ወደ 0.85 ከመመለሳቸው በፊት የቃጠሎ መመርመሪያቸውን በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ በሰረሰሯት ቀዳዳ አስገብተው ለኩ፤ ካልለኩ ማስተካከላቸውን በምን ያውቁታል? የጭሱ ሙቀት 560 ዲግሪ ፋራናይት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 9 በመቶ፣ በነጭ ወረቀት የሚለካው የጥላሸት ደረጃ ከ9 ሦስት ነበር፤ የቃጠሎው ብቃት 78 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ የቦይለሩን ክዳን ፈትተው በብረቶቹ መካከል የተጋገረውን ጥላሸት በረጅም ብሩሽ ጠረጉት፤ ሁለት የቫኩም ከረጢት ሞላ። ኖዝሉን ከገጠሙ በኋላ የፓምፑን ግፊት በጌጅ ለኩ። ይህ የሚዘለል አይደለም፤ የኖዝሉ ቁጥር የሚሠራው በ100 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን፣ በ140 የሚሠራ አዲስ ፓምፕ ላይ ያችው 0.85 ኖዝል በሰዓት አንድ ጋሎን ትረጫለች። የእኛው 100 ላይ ነበር። የአየሩን መግቢያና የጭስ ማውጫውን ተወዛዋዥ ክዳን እያስተካከሉ ሲጨርሱ የጭሱ ሙቀት 435፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 11.5፣ በወረቀቱ ላይ የቀረው ጥላሸት በዓይን የማይለይ ነበር። ብቃቱ ከ83 በመቶ በላይ ሆነ። በአሁኑ ጊዜ የሚሸጥ አዲስ የናፍጣ ቦይለር በፌደራል ደንብ ቢያንስ 86 በመቶ ብቃት እንዲኖረው ይጠበቃል፤ ሁለቱ አሃዞች በአንድ መንገድ የተለኩ ባለመሆናቸው በቀጥታ ባይነጻጸሩም፣ «የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሷል» የተባለው ዕቃ ያን ያህል ወደኋላ እንዳልቀረ ያሳያሉ።

በውሃው በኩል አንድ ጥቃቅን ነገር ነበረ። ቦይለሩ ሲሞቅ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ይንጠባጠብ ነበር፤ ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን የሚቀበለው የመስፋፊያ ታንክ ጎማ ተቀዶ ውሃ ሞልቶት ስለነበር ግፊቱ ሲሞቅ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ይደርሳል። ታንኩን በሳምንቱ ለወጡት፤ አሁን ሲቀዘቅዝ 12፣ ሲሞቅ 19 ላይ ይቆማል።

ሒሳቡን ላስቀምጥ። ለድርጅቱ በሦስቱ ጉብኝቶች ከዓመታዊው የውል ክፍያ በተጨማሪ 540 ዶላር ከፍያለሁ። ለአዛውንቱ የመጀመሪያው ቀን ምርመራ፣ የቱቦው ሥራና ጠረጋው 410፣ የመስፋፊያው ታንክ ከነመግጠሚያው 235፣ በድምሩ 645 ዶላር ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት አልፎ ሁለተኛው ተጋምሷል፤ ቦይለሩ አንድም ጊዜ አልተቆለፈም። በዓመት ወደ 740 ጋሎን የነበረው ፍጆታችን ባለፈው ዓመት 680 ገደማ ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱ ዓመታት ብርድ እኩል ስላልነበረ ልዩነቱን ሁሉ ለኖዝሉ አልሰጠውም።

አዛውንቱ እንከን የለባቸውም አልልም። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሡም፤ ሐምሌ ወር በሙሉ የሉም፤ ውል አይገቡም፣ ካርድም አይቀበሉም፣ በቼክ ወይም በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ደረሰኛቸው ከማስታወሻ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ ቤት ስሸጥ ወይም ኢንሹራንስ ሲጠይቀኝ ምን እንደማሳይ አላውቅም ብዬ በታይፕ የተጻፈ ሰነድ ስጠይቃቸው ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሕፃናት ላሉበት ቤት፣ ሌሊት ቢቆም የሚደርስ ሌላ ሰው ሳይኖር በእርሳቸው ብቻ መተማመን አይቻልም። በዚህ ምክንያት የድርጅቱን ውል አላፈረስኩም፤ ደረጃውን ዝቅ አድርጌ ለሌሊት ጥሪ ብቻ የሚሆነውን ርካሹን ያዝኩ። ናፍጣውን ግን የምገዛው ውል ከማይጠይቅ፣ ሲያደርስ ሒሳቡን ከሚቀበል ሻጭ ነው፤ ቢያንስ 100 ጋሎን ማዘዝ ግድ ቢሆንም በጋሎን የሚቀረው ልዩነት የውሉን ዋጋ ይሸፍናል። አደጋው ታንኩን መከታተል የእኔ ኃላፊነት መሆኑ ነው፤ ተንሳፋፊው ምልክት ሩብ ላይ ሲደርስ አዝዛለሁ። ታንኩ ከነጠፈ በሥሩ የተኛው ዝቃጭ ወደ ቱቦው ይሳባል፣ አየርም ይገባል፣ እኔም ወደ መጀመሪያው ኅዳር እመለሳለሁ።

ማንኛውም አሮጌ ቦይለር ይጠገን ማለቴ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። አዛውንቱ ራሳቸው የብረቱ ክፍሎች ተሰንጥቀው ውሃ ወደ እሳቱ የሚያፈሱ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ ቀይረው ይሉኝ እንደነበር ነግረውኛል። በአንዳንድ የቆዩ ቤቶች ደግሞ ቦይለሩና ቧንቧው በነጭ ስሚንቶ መሰል ነገር ተለብጠው ይገኛሉ፤ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ለዚህ ፈቃድ ያለው ሰው እስኪመረምረው ድረስ መነካካት አይገባም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች በማሳቹሴትስ የማሞቂያ ድጎማ ከሚሰጡ ድርጅቶች በኩል ማሞቂያ የሚጠገንበትና የሚቀየርበት መርሐ ግብር ስላለ፣ ፕሮፎርማ ከመፈረም በፊት እዚያ መጠየቅ ይጠቅማል።

ስለዚህ ከአምስት ኮከብ ለአዛውንቱ አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ግማሹን የቀነስኩት በደረሰኙና በሌሊቱ ስልክ ነው። ለድርጅቱ ሁለት፤ አንዱ ሌሊት ለሚያነሣው ስልክ፣ ሌላው ለወጣቶቹ ትሕትና። ካርዱ ላይ አሁን ከጠቆረው የ1986 ጽሑፍ በታች የአዛውንቱ ትልልቅ ፊደላት ሰፍረዋል፤ 0.85፣ 100፣ 11.5፣ 435። መመርመሪያቸው ያተመውን ወረቀትም ከካርዱ ጀርባ በላስቲክ አስረውታል፤ የቀጣዩ ጠረጋ ቀጠሮ በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት ነው፣ ከእረፍታቸው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን።